ጫማ ሰፊ የማይመልሰውን ጫማ ግዙ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለሥራ የሚሆን፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ የሚወጣ፣ እግር የማይልጥ ጫማ ጠቁመን። ሠራተኛ ተበድሎ የሠራው ባይሆን ደግሞ ደስ ይለናል።» የብራንድ ስም ጠርቼ ባልፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ብራንዱ ነገ ዋጋው ይንራል ወይም ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ራሳችሁ የምትለኩበትን መንገድ ልጻፍላችሁ። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ይህ ጫማ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ፈቶ መልሶ ሊሠራው ይችላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ጫማው ለእግርም ለሠሪውም ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እግራችሁ።

ቁጥሩን አትመኑ

እኛ የምንጠቀምበት 38፣ 40፣ 42 የሚለው ቁጥር የአውሮፓ ነው። አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በአንድ ሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እግራችሁ ሳይሆን ጫማው ስለተወጠረበት ቅርጽ ነው። 42 ቁጥር ማለት ቅርጹ 28 ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው፤ በደንብ የሚገባበት እግር ግን 26.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ቅርጹ ደግሞ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል፤ አንዱ ጋ 41 የልካችሁ ሲሆን ሌላው ጋ 42 ይጠብባችኋል።

ወረቀት ላይ ቆማችሁ ሁለቱንም እግር ለኩ። የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ጫማው ለትልቁ ነው የሚገዛው። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ግዢውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ከጫማው ጋር የምታደርጉትንም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ተረከዝ ግን ወደ ላይ እየወጣ መንሸራተት የለበትም፤ ውሃ የሚቋጥረው እሱ ነው።

ነጋዴው «ሲለበስ ይለቃል» ይላችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በወርድ ትንሽ ይሰጣል፣ በርዝመት ግን አይጨምርም። ሲንተቲክ ደግሞ በወርድም ያን ያህል አይሰጥም። ጎኑ ትንሽ ጠበቅ ያለ የቆዳ ጫማ ልትገዙ ትችላላችሁ፤ ጣት የሚነካ ጫማ ግን የምንም ይሁን የምን መልሱት።

በመጨረሻም ጫማውን በእጃችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ከእግር መዳፍ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ረጅም መንገድ አያስኬድም። ውስጡንም ዳስሱ። የቆዳ ገበር ላብ ይመጥጣል፤ የፕላስቲክ ገበር ላቡን እዚያው ያቆረዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው መላጥ ነው።

ስፌትና ማስቲሽ

አሁን ጫማውን ገልብጡት። የሶሉን ዙሪያና የውስጡን ወለል ተመልከቱ። ሶሉ ከላይኛው ክፍል ጋር በክር ተሰፍቷል ወይስ በማስቲሽ ብቻ ተለጥፏል? አንዳንዱ ሶል ላይ ስፌት የሚመስል ጌጥ በጎማው ላይ ታትሞ ይመጣል፤ በጥፍር ስትነኩት ክር ከሌለው ስፌት አይደለም። የተሰፋ ሶል ሲያልቅ ክሩ ተፈትቶ በአዲስ ይቀየራል። በማስቲሽ ብቻ የተያያዘው አንዴ ከተላቀቀ ብዙ ጊዜ መለጣጠፍ ብቻ ነው ዕጣው።

የሠሪው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የጫማ ማጣበቂያ የሚሟሟባቸው ኬሚካሎች ቀልድ አይደሉም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ውስጥ ሙዛፈር አክሶይ የተባሉ ሐኪም ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (መኪና የምንሞላው ነዳጅ አይደለም) ያለበትን ማጣበቂያ ሲተነፍሱ የኖሩ ጫማ ሠሪዎች ላይ የደም ካንሰር መበራከቱን አሳይተዋል። ጣሊያን ውስጥም ሄክሴን በተባለ ማሟሟያ ምክንያት የጫማ ሠራተኞች የእጅና የእግር ነርቭ ተጎድቷል። የእኛ ከተማ የጎዳና ልጆች ረሃብና ብርድ ለመርሳት የሚስቡት ማስቲሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲቀባ የሚውል ወጣት ሳይፈልግ ይስበዋል። የተሰፋ ጫማም ማስቲሽ ይነካዋል፣ ነገር ግን ጫማው የሚቆመው በማስቲሹ ብቻ አይደለም።

ማስቲሽ ሌላም ጠባይ አለው። ከተቀባ በኋላ ጠፈፍ እስኪል ካልጠበቁት በደንብ አይይዝም። ሠራተኛው በጥንድ የሚከፈለውና የበዓል ትእዛዝ የተከመረበት ከሆነ ያቺን ደቂቃ ከየት ያመጣታል? ለዚህ ነው በበዓል ዋዜማ ጥድፊያ የተሠራ ጫማ ዝናብ ሲነካው አፉን የሚከፍተው። የሠራተኛው ጥድፊያ እናንተ እግር ላይ ይደርሳል። ጫማ የምታሠሩ ከሆነ ከበዓሉና ከመስከረም ግርግር ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ ሠሪውም ይተነፍሳል፣ ጫማውም ይጠነክራል።

ቆዳው ከየት መጣ?

«ቆዳ ለእንስሳት ጭካኔ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ። እኛ አገር ግን ከብቱም በጉም የሚታረደው ለሥጋው ነው፤ ከበዓል ማግስት የበግ ቆዳ የሚገዛ ጠፍቶ መንገድ ላይ ተጥሎ ማየት ለምደናል። በሁለት ክረምት የሚሰነጣጠቅና መቼም የማይበሰብስ ፕላስቲክ ከመግዛት ያን ቆዳ መጫማት ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ ማለት ቆዳው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ሞጆ አካባቢ ያደገ ሰው የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሸት ያውቃል። ክሮሚየም ወደ ጎጂው ዓይነት ሲለወጥ ቆዳችንንም ያስቆጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውነት በሚነካ የቆዳ ዕቃ ላይ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን የወሰነው ለዚህ ነው። በተክል የለፋ ቆዳ ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ግን አንድን ጫማ ረጅም ዘመን ማድረግ ራሱ ወንዙን መርዳት ነው።

ጎማም አለላችሁ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ የገበሬው ጫማ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ ያንኑ ጎማ ሶል አድርጎ፣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጋር አዋሕዶ ዓለም ገበያ አወጣው። አዲስ አበባ የነበረው የኦሊበርቴ ፋብሪካም በ2013 እ.ኤ.አ. ከፌር ትሬድ ዩኤስኤ የምስክር ወረቀት በማግኘት ከጫማ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው ሆኗል። «ሠራተኛን ያከበረ ጫማ የውጭ ነው» የሚል ካለ ይህን ንገሩት።

ሻጩን ምን ልጠይቅ?

የምስክር ወረቀት ያለው ጫማ ጥቂት ነው። ቀሪውን የምታውቁት በመጠየቅ ነው፦ የት ተሠራ? ሥራ ቤቱን ማየት ይቻላል? ሶሉን ትቀይራላችሁ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሥራ ቤቱን ከረገጣችሁ ዓይናችሁ ብዙ ይነግራችኋል፤ መስኮቱ ክፍት ነው? የሚቀባው ልጅ ዕድሜው ስንት ይመስላል?

መርካቶ ተሰፍቶ «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ማኅተም የተመታበት ጫማ ሁላችንም አይተናል። የራሱን ስም የሚያትም ሠሪ ምረጡ። ስሙን ያተመ ሰው ጫማው ሲፈርስ የምትመለሱበት በር አለው፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ለተራራ

ለእግር ጉዞ ዋናው ፈተና መውረዱ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ጣት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዕለት ጫማችሁ በግማሽ ቁጥር ከፍ በሉ፣ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት በታች አጥብቁ። ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ይኑረው፤ የክረምት ጭቃ ለስላሳ ሶል አይምርም።

ሰልባጅ ቦት ለምትወዱ አንድ ማስጠንቀቂያ። የብዙ ተራራ ጫማዎች መሐለኛ ሶል ፖሊዩሬቴን ከተባለ ነገር ይሠራል። ይህ ነገር ጫማው ባይደረግም ከእርጥበት ጋር እየተገናኘ በዓመታት ውስጥ ይፈርሳል። ሱቅ ውስጥ አዲስ የሚመስል ቦት ሰሜን ተራሮች ላይ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ስንጥቅ ካሳየ ወይም ከተፈረፈረ ተዉት።

ስለ ዋጋው

«የተሰፋ ቆዳ ውድ ነው» ትላላችሁ። እናስላው። በ6 ወር የሚፈርስ ጫማ 1,500 ብር ቢሆን በሦስት ዓመት 9,000 ብር ይወጣል። 4,500 ብር የተገዛ የተሰፋ ጫማ በዚያው ጊዜ ሁለት ጊዜ በ700 ብር ሶል ቢቀየርለት 5,900 ብር ነው። አንድን ጫማ በተከታታይ ቀን አታድርጉት፣ እሳት ዳር አታድርቁት፣ ለሊስትሮው በየጊዜው ስጡት፤ ዕድሜው ይረዝማል። የምታወጡት ገንዘብ ጫማ ሠሪው፣ ጫማ ሰፊውና ሊስትሮው ጋ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ደግሞ ለእናንተ ይተርፋል።

ሶል አሳምሮ የሚቀይር ጫማ ሰፊ በሰፈራችሁ ካለ፣ ከታች የሰፈሩን ስም ብቻ ጻፉልን። ዝርዝሩን ሰብስቤ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።