አንድ ዶሮ ምን ያህል ቦታ ይበቃታል?

የግብርና ክበባችን ከግቢው በስተጀርባ ያለችውን አሮጌ የዕቃ ክፍል የዶሮ ቤት ሊያደርጋት ማሰቡን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንብበናል። 50 የአርባ አምስት ቀን ቄቦች እንደሚገዙም ማስታወቂያው ይገልጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም የክበቡ አባል ነኝ። ሆኖም 50 የሚለው ቁጥር ከምን እንደመጣ ብጠይቅ አንዱ ጓደኛዬ «ያለን ገንዘብ የሚገዛው ያንን ያህል ስለሆነ ነው» አለኝ። ነገሩን ያሳሰበኝ ይኸው መልስ ነው። ዶሮ በኪስ ሳይሆን በቤቱ ወለል ተለክቶ የሚገዛ መሆኑን አክስቴ ቤት በደንብ አይቼዋለሁና።

አክስቴ የሚኖሩት ገርጂ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ዕቁብ ሲደርሳቸው 30 የቦቫንስ ቄቦች ገዙ። ቤቱን ቀደም ብለው በአጣናና በቆርቆሮ አሠርተውት ነበር፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል። ሻጩ ቤቱን በዓይኑ አየና «ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል» አላቸው። መቼም በዚያን ቀን የተናገረው እውነቱን ነበር። ቄቦቹ ትንንሽ ስለነበሩ ወለሉ ግማሹ ባዶ ይመስል ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያ የአንዷ ዶሮ ጀርባ ላባው ተነቅሎ ቆዳዋ ታየ። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። ከዚያ ደም ያዩት ሁሉ እየተሯሯጡ የቆሰለችውን ይነቁሩ ጀመር። ሽታው ደግሞ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት «ኧረ ይህ ነገር እንዴት ነው?» እስከማለት ተደረሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እንቁላል ይጀምራሉ በተባለበት ሰዓት፣ ከ30ዎቹ የቀሩት 23 ነበሩ። አክስቴ በሽታ የገባ መስሏቸው ለመድኃኒት ብዙ ብር አወጡ። እኔም በዕረፍት ስሄድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ገብቼ ለካሁት። «አንተ ልጅ፣ ዶሮ ሞተብኝ ስልህ ግድግዳ ትለካለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 2 ሜትር በ1 ተኩል ሲባዛ 3 ካሬ ሜትር ይሆናል። በጉዝጓዝ ላይ ለሚያድጉ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር የሚመደበው ቁጥር እንደ ዕድሜያቸው ይለያያል። ጫጩት እስከ አራት ሳምንት ድረስ 20 ያህል ትገባለች። ከዚያ በኋላ በማደግ ላይ ሳለች 10 ያህል ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ስትሆን ግን 5፣ ቢበዛ 6 ብቻ ነው። እንደ ሳሶ ያለ ከበድ የሚል ዝርያ ከሆነ ከ5 ባይበልጥ ይመረጣል። እንግዲህ የአክስቴ ቤት በአርባ አምስት ቀናቸው በትክክል 30 ይይዛል፤ ለእንቁላል ሲደርሱ ግን 15 ብቻ። ሻጩ ያየው የዚያን ዕለቱን ቤት ነው። ቤቱ አላደገም፤ ዶሮዎቹ ግን አደጉ።

ካሬ ሜትር ሲባል በዓይነ ሕሊናው ለማይመጣለት ሰው አንድ ዘዴ ልንገር፣ ለተማሪዎችም ይሆናል። በየቀኑ የምንጽፍበትና የምናባዛበት ኤ4 የሚባለው ወረቀት 16ቱ ጎን ለጎን ሲነጠፍ አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል። ስለዚህ በካሬ ሜትር 5 ዶሮ ማለት ለእያንዳንዷ ሦስት ወረቀት ያህል ወለል ማለት ነው። ለአክስቴ ዶሮዎች የደረሳቸው ከሁለት ወረቀት ያነሰ ነበር። በአምስተኛ ክፍል ስለ ስፋት ስናስተምር መጽሐፉ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ብቻ ከማሳየት ይህን ብናደርግ ምን ይለናል?

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ በትላልቅ እርባታዎች ዶሮ በሽቦ ሳጥን ተጨናንቃ ትኖር የለም ወይ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው። በአውሮፓ አንድ ዶሮ በሳጥን ውስጥ 450 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ማለትም ከአንድ ወረቀት ያነሰ ቦታ ሲመደብላት ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ያ ዓይነቱ ባዶ ሳጥን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባል አገሮቹ ተከልክሏል። ቢሆንም ሳጥኑ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ኩሱ በሽቦው መካከል ወደ ታች ይወድቃል፤ ዶሮዋ አትረግጠውም። በእኛ የጓሮ ቤት ግን ኩሱም ዶሮዋም ያሉት አንድ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልም።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ምክንያት ይመጣል። አንድ የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ሩብ ሊትር ያህል ውኃም ትጠጣለች። ዶሮ ሽንቷን ለብቻው ስለማትሸና ከሰውነቷ የሚወጣው ውኃ ከኩሱ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወርደው። ትኩስ ኩሱ በቀን ከ100 ግራም ያላነሰ ይመዝናል። 30 ዶሮዎች በቀን 3 ኪሎ እርጥብ ነገር በ3 ካሬ ሜትር ላይ ያፈሳሉ ማለት ነው! 15 ቢሆኑ ሰጋቱራው ይመጠውና እነሱም በእግራቸው እየጫሩ ያደርቁታል። እጥፍ ሲሆን ግን ጉዝጓዙ ይሸነፋል። ጭቃ ይሆንና አሞኒያ የሚባለው ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይነሣል። ኮክሲዲዮሲስ የተባለው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ በሽታም የሚወደው እርጥብ ጉዝጓዝን ነው። ቆመን ሽታው ካልተሰማን ደህና ነው ማለት አይደለም። ቁጭ ብሎ በዶሮዋ ራስ ከፍታ ማሽተት ያስፈልጋል። እኔ ቁጭ ስል ዓይኔ አነባ።

መነቋቆሩም ቢሆን ከቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንደገለጠው ዶሮዎች እርስ በርሳቸው የበላይና የበታች አላቸው፤ ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ነው። የበታቿ ስትነቆር ዞር ብላ ከሄደች ነገሩ ያልቃል። ዞር የምትልበት ከሌለስ? የመኖ ፕሮቲን ማነስና የበዛ ብርሃንም መነቋቆርን ያመጣሉ፤ ቢሆንም መሸሻ ያላት ዶሮ ቢያንስ ነፍሷን ታተርፋለች።

ስለ ቆጥ ደግሞ ብዙ ሰው አያስብም። አገር ቤት የሐበሻ ዶሮ ቀን ሜዳውን ስትጭር ውላ ማታ ከቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ታድራለች፤ ስለ ወለል ስፋት የሚጠይቅ አልነበረም፣ ወለሏ መንደሩ ነበረና። ቦሌና ገርጂ፣ ሲኤምሲና ሰሚት ግን ግቢው በግንብ የታጠረ፣ መሬቱም ሲሚንቶ ነው። ያም ሆኖ ዶሮዋ ማታ ከፍ ብላ ማደሯን አልተወችም። ለእያንዳንዷ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የቆጥ እንጨት ያስፈልጋታል። ለ15 ዶሮ 2 ሜትር ከ70 ስለሚሆን 2 ሜትር ርዝመት ባለው ቤት አንድ እንጨት አይበቃም፤ በመካከሉ 30 ሴንቲ ሜትር ትቶ ሁለተኛ ማጋደም ነው። ለከባድ ዝርያ ቆጡ ከግማሽ ሜትር ብዙ ባይበልጥ ይሻላል፤ ስትዘል እግሯ ይቆስላል። መጣያ ሳጥን ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። እሱም ከወለል ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቦታ አይሻማም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ ቄብ አስገብቷል፤ የሚደጋገመውም ስሕተት አንድ ነው። «ቀን ግቢ እናወጣቸዋለን፣ ቤቱ ለማደሪያ ብቻ ነው» ይባላል። በጋውን ልክ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ የት ይወጣሉ? ስለዚህ ቁጥሩ መታሰብ ያለበት ለክረምቱ ነው፤ ግቢው በበጋ እንደ ትርፍ ይቆጠር። ሌላው ደግሞ ብርድ ፈርቶ ቤቱን በላስቲክ መጠቅለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ እርጥብ አየር የታፈነባት ዶሮ ግን ከበረዳት ይበልጥ ትታመማለች። ከወለሉ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ግድግዳው ድፍን ይሁን፤ ከዚያ በላይ ሽቦ። ክዳኑ ዝናቡን እንዲመልስ ወጣ ይበል። ሽቦው ጠንካራ ካልሆነ ለኮረብታው በቀረቡት ሰፈሮች ሸለመጥማጥ ይገባል፣ በሌላውም አይጥ አይጠፋም።

አክስቴ ከልኬቱ በኋላ 8 ዶሮ ሸጡ። በቀሩት 15 ሥር ያለውን ጉዝጓዝ አውጥተን አዲስ ሰጋቱራ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ነሰነስንበት። ላባቸው ለመመለስ ጊዜ ወሰደ፤ አንዷ እስከ አሁን ጀርባዋ እንደተላጠ ነው። የወጣውን ጉዝጓዝ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ከምረን እንዲበሰብስ ተውነው፤ ትኩሱን ቢያደርጉት ጎመኑን ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ እኛው ክፍል ልመለስ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሆነን ለክተናታል። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ80 ሲሆን ስፋቷ 4.32 ካሬ ሜትር ነው። በ5 ሲባዛ 21 ዶሮ ይሆናል። መኖ ገንዳውና መጠጫው ወለል ስለሚይዙ 20 እንበል። 50 ቄቦች ግን ለእንቁላል ሳይደርሱ፣ ገና በሚመጡበት ቀን እንኳ አይመቹባትም፤ በ10 ሂሳብ 43 ነው የምትይዘው። ቀሪው ገንዘብ ለመኖና ለክትባት ይሁን፣ ወይም ክፍሏ በምሥራቅ በኩል በአጣና ትስፋ፤ እዚያ ጋ 3 ሜትር ያህል ባዶ መሬት አለ። ክበቡ ዓርብ ስለሚሰበሰብ የሂሳብና የግብርና መምህሮቻችን ቁጥሩን ከዚያ በፊት እንዲያዩልን እንጠይቃለን። ሜትሩ እኔ ዘንድ ነው፣ ልኬቱን መድገም የሚፈልግ ይውሰድ።