ደጋ ላይ ዕንቁላል ማስፈልፈል፦ የእርጥበትና የሻጋታ ነገር በደብረ ታቦር

ሻጋታ ስፖር የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የዘር ብናኞችን በአየር ላይ እየበተነ የሚራባ የፈንገስ ዓይነት ሲሆን፣ ብናኙ በየቤቱና በየጭድ ክምሩ ስለሚገኝ ዕንቁላል ከሚፈለፈልበት ቦታ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ የሚቻለው የሚበቅልበትን እርጥበት መንፈግ ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ፣ የላይ ጋይንትና የእስቴ ደጋዎች ግን ዕንቁላሉ ራሱ ከሌላው አገር የበለጠ እርጥበት ስለሚሻ፣ ዶሮ አርቢው ለፅንሱ የሚያስፈልገውን ውሃ ሲጨምር ለሻጋታውም እያጠጣ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የችግሩ መነሻ የቅርፊቱ አሠራር ነው። የዶሮ ዕንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፅንሱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ኦክስጅን ያስገባል፣ የተቃጠለ አየርና የውሃ ተን ያስወጣል። ጫጩት በ21 ቀን እስኪፈለፈል ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ዕንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከመነሻ ክብደቱ 12 በመቶ ያህሉን በተን መልክ ማጣት ይኖርበታል። ያጣው ከዚህ በጣም ካነሰ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ ይጠብና ጫጩቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንባው ሊተነፍስ ሲል ይታፈናል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ የውስጥ ሽፋኑ ደርቆ ስለሚጣበቅበት ቅርፊቱን ከነካ በኋላ ሳይወጣ ይቀራል። ደብረ ታቦር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛ በታች ነው፤ የውሃ ተን በስስ አየር ውስጥ በፍጥነት ስለሚሰራጭ፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት እኩል ቢሆን እንኳ አንድ ዓይነት ቅርፊት ያለው ዕንቁላል በደብረ ታቦር የሚያጣው ውሃ በባሕር ዳርቻ ከሚያጣው ቢያንስ በሲሶ ይበልጣል። አየሩ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ ያነሰ ነው።

ተፈጥሮ ለዚህ የራሷ መላ አላት። ሄርማን ራንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት ከፍ ባለ ተራራ ላይ የኖሩ ዶሮዎች የሚጥሉት ዕንቁላል የቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት እንደሚቀንስና በዚህም ምክንያት ከልክ በላይ እንደማይደርቅ አሳይተዋል። እንዲህ ደጋ ላይ የኖረ ዶሮ በአካባቢው አለ፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገር ዶሮዎች ላይ ሐሊማ ሐሰን ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ከለያቸው ሰባት ዓይነቶች አንዱ የጋሳይና የፋርጣ ዶሮ ነው፤ ጋሳይ ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስለዚህ ለማስፈልፈል የሚፈለግ ዕንቁላል 900 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከፎገራ ሜዳ ወይም ከሌላ ዝቅተኛ ስፍራ ከሚመጣ ይልቅ እዚያው ደጋ ላይ ከኖሩ ዶሮዎች ቢሰበሰብ ይመረጣል።

በማሽን ለሚያስፈለፍል ሰው ትልቁ ፈተና ያለው ክዳኑ ላይ ነው። የመፈልፈያ ሣጥን ውስጡ 37.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ሲኖረው፣ አየሩ ከ28 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ የያዘውን ተን ወደ ውሃ ይለውጣል። የደብረ ታቦር ቤት በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ብርዱ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ስስ የፕላስቲክ ክዳን ውስጡን ያልበዋል፤ ጤዛው ተጠራቅሞ በዕንቁላሎቹና በወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታው የሚነሣው እንግዲህ ከዚህ ጠብታ እንጂ ከአየሩ እርጥበት አይደለም፤ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ብቻውን ንጹሕና ደረቅ ቅርፊት ላይ ሻጋታ አያበቅልም። ብዙ ሰው ግን ጤዛውን ሲያይ ውሃ በዛ ብሎ የውሃ ሣህኑን ያወጣል፣ ዕንቁላሉም ይደርቅበታል፤ ሌላው ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ የአየር ማስገቢያውን ይደፍናል፣ ያልተትረፈረፈውንም ኦክስጅን ይነፍገዋል። ትክክለኛው መፍትሔ የአየር ማስገቢያውን ክፍት ትቶ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ወይም በጋቢ ማልበስ፣ ማሽኑንም ከውጭ ግድግዳ አርቆ በቤቱ ሞቃት ክፍል ማስቀመጥ ነው። ሞቃት ክፍል ሲባል ማዕድ ቤት ማለት አይደለም፤ የምጣዱ እንፋሎትና ጢስ ባለበት ማሽን ማቆም ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ተመሳሳይ ጤዛ ዕንቁላሉ ገና ሳይታቀፍም ይፈጠራል። በቀዝቃዛ ጓዳ የተከማቸ ዕንቁላል በአንድ ጊዜ ወደ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ሲገባ ላቡ ፊቱን ያለብሰዋል፤ ይህ ላብ ቅርፊቱ ላይ ያለውን ብናኝና ባክቴሪያ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋል። በመሆኑም ዕንቁላሉ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደረቅ ክፍል ቆይቶ ቀስ በቀስ ቢሞቅ ይሻላል። የቆሸሸውን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለው፤ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ኩስ የለበሰ ዕንቁላል ለምግብ ይዋል፤ ለጫጩት አይሆንም።

በገጠሩ የዶሮ እርባታ ባህል ሴቶች ዶሮ ሲያስታቅፉ ከጭዱ ሥር አመድ መበተናቸው፣ ነጎድጓድ ዕንቁላሉን እንዳያበላሸው በማለትም ቁራጭ ብረት ወይም ከሰል ማኖራቸው የተለመደ ነው። አመዱ ቅማልንና እርጥበትን ስለሚቀንስ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብረቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጎድጓድ የሚበዛው በክረምት፣ ጭዱም የሚሻግተው በዚያው በክረምት ስለሆነ፣ ዕንቁላሉ በነጎድጓድ ወቅት ይበላሻል የሚለው ትዝብት ትክክል ሆኖ ምክንያቱ የተሳሳተ ይመስላል። እህል ተሰብስቦ ጭዱ ከደረቀ በኋላ፣ በበጋው፣ ማስታቀፍን የሚመርጡት እናቶች ምክንያቱን ምንም ብለው ቢገልጹት ውሳኔያቸው የሚያስመሰግን ነው።

በእባብ ዕንቁላል ላይ ነገሩ የተለየ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ በውጭ አገር እባብ የሚያረቡ ሰዎች ሻጋታ ያን ያህል አያስፈራም ሲሉ የሚሰማ ሰው ምክራቸውን ለዶሮ እንዳያውለው። የእባብ ዕንቁላል ቅርፊቱ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ነው፤ በበሰበሰ ቅጠል ወይም በፍግ ውስጥ ተጥሎ ከአካባቢው ውሃ እየመጠጠ ክብደት ይጨምራል፤ እንደ ዶሮው ዕንቁላልም አይገላበጥም። ዘር ያልያዘው ወይም ፅንሱ የሞተበት ዕንቁላል ቀድሞ ይሻግታል፣ አጠገቡ የተጣበቀው ጤነኛ ዕንቁላል ግን ብዙ ጊዜ በሰላም ይፈለፈላል። በዶሮ በኩል አደጋው ከዕንቁላሉ አልፎ ወደ ተፈለፈለው ጫጩት ይሻገራል።

አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት በ37 ዲግሪ ሙቀት በደንብ የሚያድግ በመሆኑ የመፈልፈያ ማሽን ይመቸዋል። አንድ የተሰነጠቀ ዕንቁላል ውስጥ ከበቀለ በኋላ ቅርፊቱ ሲፈነዳ ብናኙ በማሽኑ ማራገቢያ ወደ ሌሎቹ ይዳረሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው አንገታቸውን እየዘረጉ ሲያቃትቱ የሚታዩት ሳንባቸው በዚህ ሲጠቃ ነው። ለተጠቃ ጫጩት በቤት ውስጥ የሚሰጥ ፍቱን መድኃኒት የለም። ስለዚህ በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል ዕንቁላሉን በባትሪ ብርሃን አስደግፎ ማየት፣ በአየር ኪሱ አካባቢ ጥቁር ነቁጥ ያለበትንና ስንጥቅ የታየበትን ማውጣት ግድ ነው። የወጣው ዕንቁላል ቤት ውስጥ አይሰበርም፤ ብናኙ የሰውንም ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ውጭ ተወስዶ ሳይሰበር ይቀበራል። ማሽኑ ጫጩት ባስወጣ ቁጥር በሳሙና ታጥቦ፣ ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና ተወልውሎ፣ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ በረኪናው ዕንቁላል ላይ አይደረግም።

እርጥበቱ ልክ መሆኑን ከመለኪያው መሣሪያ ይልቅ ሚዛን ይናገራል። በአንድነት 540 ግራም የሚመዝኑ 12 የአገር ዶሮ ዕንቁላሎች በሰባተኛው ቀን ወደ 515 ግራም፣ በ18ኛው ቀን ወደ 475 ግራም መውረድ አለባቸው፤ ከዚህ ፈጥነው ከቀነሱ የውሃ ሣህኑ ሰፋ ይደረግ፣ ከዘገዩ ይጥበብ። የውሃውን መጠን የሚወስነው የሣህኑ ጥልቀት ሳይሆን የፊቱ ስፋት ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ለመፈተን የሚሞክርም ይኖራል፤ ደብረ ታቦር ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ እንጂ በ100 ስላልሆነ ጤነኛውን መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። መፈተኛው በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ነው፤ እሱ በየትኛውም ከፍታ ዜሮ ያሳያል።

አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ዕንቁላል ብቻ ላለው ቤተሰብ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ደጋ ላይ፣ ማሽን ከመግዛት ይልቅ የታቀፈች የአገር ዶሮ ትሻላለች፤ ዕንቁላሉን ራሷ ታገላብጣለች፣ ተነሥታ ስትመገብ ታናፍሰዋለች፣ የሚንጠባጠብ ክዳንም የላትም። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሽታ የሌለው ደረቅ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ፣ ሥሩ የተበተነ አመድና ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ሲሆን፣ ጭዱ በእጅ ውስጥ ሲፈተግ አቧራ የሚያነሣ ወይም የሻገተ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ከታቀፈች በኋላም ቢሆን ይቀየርላት።