ዳር ያዝ!

ከኮረምም ሆነ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ ከጎማ ይልቅ እግር የለመደው ነው። በገበያ ቀን አህያው እህል ተጭኖ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ይተምበታል። ከአፋር የሚነሣው የአሞሌ ጨው ሲራራም ለዘመናት ወደዚህ ደጋ ሲወጣ ኖሯል፤ ሰቆጣ በጨው ገበያዋ የታወቀች ነበረች። መኪና የመጣው በኋላ ነው፤ መጥቶም ባለቤት ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህን ብስክሌት ላይ የወጣ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቁልቁለቱን ሲወርድ እጁ ፍሬን ላይ፣ ዓይኑ ጠጠሩ ላይ ነው። ከኋላው አይሱዙ ይመጣል። ሾፌሩ ፍጥነት በመቀነስ ፈንታ ክላክሱን ይለቀዋል፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዳር ያዝ!» ይላል። ዳሩ ደግሞ ወይ ቦይ ነው ወይ ገደል። ሰውዬው መልስ ሳይሰጥ አቧራው ይውጠዋል። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ለቀልድ ብቻ አይመስለኝም።

ሰቆጣ ያለችበት የዋግ ኽምራ ዞን ተራራ ነውና ብስክሌት አይበዛበትም። በክልሉ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ከተማ ተማሪውም ሠራተኛውም በፔዳል የሚሄድባት ሆና ኖራለች። ያኔ የአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ የብስክሌት ነበር። ባጃጅ ሲበዛ ተሳፋሪ የሚነሣውና የሚወርደው እዚያው ጠርዝ ላይ ሆነ። ባጃጁ ያለ ፍሬቻ ይታጠፋል፣ ድንገት ይቆማል፤ ብስክሌተኛው ሸሽቶ ወደ መሃል ሲወጣ ሚኒባስ ይጮህበታል። ባለባጃጁን ብቻ መውቀስ ይቀላል። እሱም እንጀራውን እያሳደደ ነው፤ ለእኔ ጥፋቱ የባሰው አንዱን ጠርዝ ለሁለት ሥራ ትቶ ዞር ያለው አካል ላይ ነው።

ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አይደለም። ኢትዮጵያ ኦሊምፒክን በጀመረችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በቴሌቪዥን ሲሆን እናጨበጭባለን። ያው ብስክሌት ጠዋት ከፊታችን ሲሄድ ግን መንገድ የዘጋብን ይመስለናል።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ መሆን ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ሆነ፤ በቅርቡም በመዲናዋ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መልካም ነው። ግን መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አገር ደግሞ ይበልጣል። እዚያ ብስክሌተኛውን የሚጠብቀው ቀለም ሳይሆን የሾፌሩ ጠባይ ነው።

«የእኛ ሾፌር አይለወጥም» የሚለውን አልቀበልም። በ1956 ዓ.ም. አገሪቱ በግራ መንዳቷን ትታ ወደ ቀኝ ስትዞር ሾፌሩ ሁሉ እጁን የለመደውን አስረስቷል። ስፔን ውስጥ ብስክሌት የሚቀድም ሾፌር ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ተገዷል። በእኛ መንገድ ይህ ርቀት አንድ ጭነት አህያ የሚያህል ቦታ ነው፤ ለአህያዋ ሲሉ የሚሸሹ ሾፌሮች አሉና ለሰውም አይከብድም። የሚጎድለው መንጃ ፈቃድ ሲሰጥ ጠበቅ አድርጎ ማስተማርና ሲጣስ መቅጣት ነው። ትራፊክ ፖሊስ መብራትና ታርጋ እንደሚያይ ሁሉ ለዚህም ፊሽካውን ይንፋ።

የዋግ መንገዶች ሲጠገኑና አስፋልት ሲለብሱ ፍጥነት አብሮ ይመጣል። ስለዚህ የዞኑ ኃላፊዎችና የመንገድ መሐንዲሶች የእግረኛውን፣ የአህያውንና የብስክሌቱን ትከሻ ከወዲሁ በንድፉ ላይ ያስምሩ፤ ከአደጋ በኋላ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መደርደር አይበቃም። ለሚጋልበውም አንድ ቃል አለኝ፦ ከተገጨህ «አላህ ይይለት፣ እግዜር ይይለት» ብለህ አትሂድ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ገጭቶ ላመለጠም መኪና የተጎጂው መብት አይቀርም። ታርጋውን ያዝ፣ ለፖሊስ አስመዝግብ፣ የሕክምና ወረቀትህን አስቀምጥ።