ስለ ሰርቨር አተካከልና ከርሱ ጋራ ስለሚመጣው ማሰናጃ ፕሮግራም

የገበሬውን የመሬት መዝገብ በሰርቨር የሚያስጠብቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ፤ መኪናው ከሣጥኑ ወጥቶ መዝገብ እስኪገባበት ድረስ ያለውን ሥራ አጥብቆ ሊከታተል ይገባዋል። በዚያ ጊዜ የተሳተ ነገር ኋላ ለማቅናት እጅግ ይቸግራልና።

ለምሳሌ በአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ፕሮላያንት የተባለው ሰርቨር ይወሰድ። ቀድሞ ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ስማርትስታርት የሚባል ማሰናጃ ሲዲ ከመኪናው ጋራ ይሰጥ ነበር። ኮምፓክ በ2002 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ሂውሌት ፓካርድ ተጠቃለለ። በ2012 ከወጣው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ደግሞ ሲዲው ቀርቶ፤ ኢንተሊጀንት ፕሮቪዥኒንግ የተባለው ፕሮግራም በመኪናው ውስጥ ተቀመጠ። መኪናው ሲነሣ ኤፍ10 የተባለውን ቁልፍ ቢጫኑ ይከፈታል።

የሥራው ተራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሁለቱን የኤሌክትሪክ መቀበያዎች በሁለት ልዩ ልዩ መሥመር ማያያዝ፤ ቀጥሎ አይሎ የተባለውን የሩቅ መቈጣጠሪያ በራሱ ገመድ አገናኝቶ በመኪናው ላይ ተለጥፎ የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥ፤ ከዚያም ሰዓቱን ማቅናትና የውስጥ ፕሮግራሞቹን ማደስ፤ ከዚህ በኋላ ዲስኮቹን ማደራጀት፤ በመጨረሻም ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ መጫን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የዲስኮቹ ነገር ነው። ፓተርሰን፤ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ሊቃውንት በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስታወቁት ሬይድ የሚባለው ሥርዓት፤ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ያሠራል። እያንዳንዳቸው 2 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች ቢኖሩ፤ በሬይድ 0 የሚገኘው ስፍራ 8 ቴራባይት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሁሉም ይጠፋል። በሬይድ 5 የሚገኘው 6 ቴራባይት ሲሆን፤ የአንድ ዲስክ ጥፋት ይችላል። በሬይድ 6 የሚገኘው 4 ቴራባይት ብቻ ነው፤ ሁለት ቢበላሹ እንኳ መዝገቡ ይድናል። የተበላሸው ዲስክ በአዲስ ሲተካ የጠፋውን መልሶ መጻፍ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፤ በዚያ መካከል ሁለተኛው ቢወድቅ በሬይድ 5 ያለው አይተርፍም። ስለዚህ ለመሬት መዝገብ ሬይድ 6 ይመረጣል።

ፕሮግራሙ ሥራውን ያቃልላል እንጂ የመዝገቡን ክብደት አያውቅም። ምርጫው የኀላፊው ነው። አንዴ የተደራጀውን አፍርሶ እንደገና መሥራት በዲስኮቹ ያለውን ሁሉ ይደመስሳልና፤ ምርጫው በጽሑፍ ተወስኖ ይቀመጥ። መዝገብ ከመግባቱም በፊት፤ መኪናው እየሠራ አንዱን ዲስክ አውጥቶ መልሶ በማስገባት ይፈተን።

ደግሞም ሬይድ ቅጂን አይተካም። እሳት፤ ሌባና በስሕተት የሚደመስስ እጅ ዲስኮቹን ሁሉ ባንድነት ያጠፋሉ። ስለሆነም ቅጂው በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ተመልሶ መነበቡም በየጊዜው ይመርመር። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተካሰው ሲመጡ፤ ዳኛው የሚጠይቀው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ የጠፋበት ገበሬም ርስቱን የሚያስመሰክርበት ያጣል።