ከዘመን መለወጫ የሚበልጥ እራት

በቻይናዋ ጓንግዶንግ፣ በሆንግ ኮንግና በማካው የሚኖሩ የካንቶንኛ ተናጋሪዎች አንድ የቆየ አባባል አላቸው፦ «ዱንግ ከዘመን መለወጫ ይበልጣል»። «ዱንግ» የብርድ ወራት ማለት ነው። (ክረምት ብዬ እንዳልተረጉመው ለእኛ ሰው ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው።) አባባሉ የሚያወድሰው በዓል ዱንግ ጂ ይባላል፤ የብርዱ ወራት ጫፍ እንደማለት።

አብዛኞቹ የቻይና በዓላት ጨረቃን ሲከተሉ ይሄኛው ፀሐይን ይከተላል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 12 ወይም 13 ብዙም አይርቅም፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ወይም 22 ገደማ መሆኑ ነው። ሌሊቱ የዓመቱ ረጅሙ፣ ቀኑ የዓመቱ አጭሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ብርሃን ይጨምራል፤ ደስታውም ከዚህ ይመነጫል።

በማካው ዕለቱ የሕዝብ በዓል ነው። የሆንግ ኮንግ የሥራ ሕግ ግን አሠሪው ከዱንግ ጂና ከፈረንጆች ገና አንዱን መርጦ ለሠራተኛው ዕረፍት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ገናን የመረጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በዱንግ ጂ ቀን ሠራተኞቻቸውን ቀደም አድርገው ይለቃሉ፤ እራቱ የሚበላው ከቤተሰብ ጋር ነውና። ቅድመ አያቶችን የሚያስቡ ቤቶች መጀመሪያ ምግቡን በፊታቸው አቅርበው ዕጣን ያጨሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይቀመጣል።

ዶሮ አይቀርም። ሙሉውን ዶሮ በማይንተከተክ ሙቅ ውኃ ቀስ ብለው ያበስሉትና በረዶ ባለው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ቆዳው የሚለሰልሰውና የሚወጠረው በዚህ ነው። ከነአጥንቱ ተቆራርጦ ይቀርባል። ማባያው የተከተከተ ዝንጅብልና ቅጠል ሽንኩርት ሲሆን፣ ጨው ተነስንሶበት የጋለ ዘይት ሲፈስበት ቺስ ይላል። በነፋስ የደረቀ የአሳማ ቋሊማም የወቅቱ ምግብ ነው፤ ሩዝ ላይ ተቀምጦ ሲበስል ስቡ ወደ ሩዙ ይወርዳል።

የበዓሉ ልብ ግን ቶንግ ዩን ነው፤ ከሚያጣብቅ ሩዝ ዱቄት የሚሠራ ክብ ድብልብል። ስሙ «ትዩን ዩን» ከሚለው ቃል ጋር ይቀራረባል፤ እሱም የቤተሰብ መሰባሰብ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ ሳህን ላይ ነው፣ ወርቁ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው።

ዱቄቱ በሙቅ ውኃ ይለወሳል። ውኃ ሲያንሰው ይሰነጠቃል፣ ሲበዛበት እጅ ላይ ይጣበቃል። በመዳፍ ጠፍጠፍ ተደርጎ መሐሉ ላይ ከስኳር ጋር የተፈጨ ጥቁር ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ ይገባበታል፤ ተጠቅልሎም ይድበለበላል። ልጆችም አያቶችም አብረው ያድበለብላሉ፤ የልጆቹ ጠማማ ቢሆንም ማንም አይጥለውም። የፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ሲበስል ይንሳፈፋል፤ ያኔ በቡኒ ስኳርና በዝንጅብል ወደተፈላ ትኩስ መረቅ ይዛወራል። ቸኩሎ የነከሰ ሰው ይቀጣል፤ ሰሊጡ እንደቀለጠ ሰም ምላስ ያቃጥላል።

ጣፋጭ የማይወዱ ቤቶች ደግሞ ባዶውን ድብልብል በነጭ ፍጁል፣ በደረቅ ሽሪምፕና በዚያው ቋሊማ መረቅ ውስጥ ያበስሉታል። እኔ ብጠየቅ ይሄኛውን አስቀድማለሁ፤ የሰሊጡን የሚመርጡ ግን ጨዋማውን ቶንግ ዩን ሾርባ ነው እንጂ ቶንግ ዩን አይደለም ብለው ይከራከራሉ።