ለተራራ ጉዞ የሚስማማ ምድጃና ድስት

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ምሳሌው የተነገረው ለሌላ ጉዳይ ነው እንጂ ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ለተራራ ተጓዥ አይሠራም። ስንቁንና ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው የጉልቻው ዐይነት ሸክሙን ያቀልለታል ወይም ያከብድበታል፤ ትኩስ ምግብ በልቶ ማደሩን ወይም ጦሙን ማደሩንም ይወስናል። ስለዚህ ምድጃና ድስት ከመምረጣችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር፣ የምትበሉትን ምግብና የምታገኙትን ነዳጅ አስቀድማችሁ ማሰብ ይገባችኋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አራት ተማሪዎች በይፋት ቆላ ከምትገኘው ከጀውሃ ተነሥተው ወደ መንዝ ጓሳ ለመሄድና ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበዋል እንበል። መንገዳቸው በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ ከዚያም ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ጓሳ ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ጓሳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በቆላው ሙቀት የለመደ ሰው እዚያ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጠብቀዋል። የእነዚህ ተማሪዎች ምድጃ ለሁለት የተለያዩ አየሮች ብቁ መሆን አለበት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምድጃ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አባቶቻችን ረጅም መንገድ ሲሄዱ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይሰንቁ ነበር። እነዚህ ሁሉ እሳት ሳይነካቸው የሚበሉ ናቸው። ለአንድ ቀን ጉዞ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። በብርድ አገር ለሚያድር ሰው ግን ትኩስ ነገር ያስፈልገዋል፤ የምንጭና የወንዝ ውሃም ሳይፈላ ቢጠጣ በሽታ ያመጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል መፍላት አለበት።

ለመሆኑ ከፍታ ከማብሰል ጋር ምን ግንኙነት አለው? ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየር ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ በ96 ዲግሪ፣ ጓሳ ላይ በ89 ወይም በ90 ዲግሪ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ባቄላና ሽምብራ በተራራ ላይ ቢንተከተኩም ቶሎ አይበስሉም። ተጓዡ እነዚህን እቤቱ ትቶ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ የተዘጋጀ ሽሮን የመሰለ ቶሎ የሚደርስ ምግብ ቢይዝ ነዳጁንም ጊዜውንም ያተርፋል።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሦስት ድንጋይ ጎልቶ እንጨት ማንደድን ነው። ይህ ሸክም የለውም፤ ዋጋም አይጠይቅም። ሆኖም በደጋ ከፍታ የሚበቅለው አስታ በብርዱ ምክንያት ዕድገቱ አዝጋሚ ነው። የጓሳን ሣርና ማገዶ ያካባቢው ሕዝብ ራሱ ባወጣው ሥርዐት ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም መኖሪያቸው ነው። የአገሩ ሰው ቆጥቦ የሚያቆየውን ማገዶ እንግዳ መጥቶ በአንድ ሌሊት ሊያነደው አይገባም። ከሰል ይዞ መሄድም ቢሆን ከሰሉ ራሱ፣ ማንደጃውም ጭምር ሸክም ይሆናል።

ሁለተኛው የላምባ ምድጃ ነው። ላምባን በግፊት ወደ ተን ለውጦ ያለ ጥላሸት የሚያነደውን ፕሪመስ የተባለውን ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተባለ ስዊድናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ የደረሱት የሮአልድ አሙንድሰን ጓዶች በረዶ እያቀለጡ ውሃ ያገኙት በዚሁ ምድጃ ነበር። የላምባ ጥቅሙ ብርድን መቋቋሙና በትንሽ ክብደት ብዙ ሙቀት መስጠቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ መሽተቱ፣ ሲፈስ ስንቅን ማበላሸቱና ምድጃው አስቀድሞ ካልሞቀ ጥቁር ጢስ ማውጣቱ ነው።

ሦስተኛው በትንሽ ቆርቆሮ የታመቀ ጋዝ የሚያነደው ምድጃ ነው። ከዚህ ዐይነት ውስጥ ራሱ ምድጃው 100 ግራም የማይሞላ አለ፤ ሲለኮስ ወዲያው ይነዳል፤ እሳቱም በቀላሉ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ነገር ግን ቡቴን የተባለው ጋዝ ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ ወደ ተን መለወጡን ስለሚያቆም በውርጭ ጧት እሳቱ ይደክማል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። ከዚህም ሌላ ቆርቆሮው በየገጠር ከተማው ሱቅ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ በአውሮፕላን መጫንም ክልክል ነው።

አራተኛው የአልኮል ምድጃ ነው። አሠራሩ ቀላል፣ የሚበላሽ ክፍል የሌለውና ድምፅ የማያሰማ ነው። አገራችንም በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል አምርታለች። ይሁን እንጂ አንድ ግራም ኢታኖል የሚሰጠው ሙቀት 27 ኪሎ ጁል ያህል ሲሆን አንድ ግራም ላምባ ግን 43 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። በተጨማሪም የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ስለማይታይ፣ ጠፍቷል ብሎ ነዳጅ የሚጨምር ሰው እጁንና ፊቱን ሊያቃጥል ይችላል።

ድስት ስትመርጡ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ ክብደቱን፣ ሙቀት ማስተላለፉንና መጠኑን። የሸክላ ድስት ወጥ ቢያጣፍጥም ይከብዳል፤ ይሰበራልም። አሉሚኒየም በመጠን እኩል ከሆነ ብረት ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀትንም በፍጥነትና በእኩልነት ያዳርሳል። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን ሙቀትን በአንድ ቦታ ስለሚይዝ ሽሮው ከሥር ያራል። ቂጡ ሰፊ የሆነ ድስት ነበልባሉን ይሰበስባል፤ ክዳን ያለው ደግሞ ነዳጅ ይቆጥባል። ለአራት ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር የሚይዝ አንድ ድስት ይበቃል። በድስቱ ውስጥ ምድጃውን ከትታችሁ ብትይዙ ቦታ ታተርፋላችሁ።

ነዳጁን በግምት ሳይሆን በሒሳብ ያዙ። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 90 ዲግሪ ለማሞቅ 294 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ከምድጃው ሙቀት ግማሹ ወደ አየር ቢባክን፣ ለአንድ ሊትር 14 ግራም ያህል ላምባ ይነዳል። አራቱ ተማሪዎች በቀን 6 ሊትር፣ በሁለት ቀን 12 ሊትር ቢያፈሉ 168 ግራም ይሆናል። ለማንተክተኪያና ለንፋስ ብክነት እጥፍ ብንጨምርበት ግማሽ ሊትር ላምባ ይበቃቸዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን አትዘንጉ። ማንኛውም ምድጃ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ሲነድ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ብርዱ ቢበረታ ልብስ ደርቡ እንጂ ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። በላምባ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን አትጨምሩ፤ ይፈነዳል። እየነደደ ባለ ምድጃ ላይም ነዳጅ አትሙሉ።

እንግዲህ ለአራቱ ተማሪዎች የሚስማማው አነስተኛ የላምባ ምድጃና ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ድስት ነው፤ ነዳጁ በመንገዳቸው ባሉ ከተሞች ሊገኝ ይችላልና፣ ብርድም አያሰንፈውምና። ጉዟቸው ወደ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ፍርዱም ሌላ በሆነ ነበር። እናንተም ዕቃችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ከመነሣታችሁ በፊት በግቢያችሁ ደጅ ላይ አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ የፈጀውን ጊዜና ነዳጅ መዝግቡ። እቤት ያልተፈተነ ምድጃ በተራራ ጨለማ ሲፈተን መድረሻ ያሳጣል።