አዲስ የሙዚቃ ማጫወቻ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ምን ይፈጠራል?

ጎንደር ከተማ ውስጥም ሆነ ወደ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ ዘፈን የሚጭኑ ቤቶች አታጡም። ሜሞሪ ካርዳችሁን ወይም ፍላሻችሁን ትሰጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ ሞልቶ ይመለስላችኋል። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተር ከእናንተ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ አድናቂው የሚጮህ፣ ግን አሁንም እንጀራ የሚያበላ ኮምፒውተር።

እንግዲህ ታይፕ ሲ መሰኪያ ያለው አዲስ የሙዚቃ ማጫወቻ ይዛችሁ እዚያ ቤት ገባችሁ እንበል። ኬብሉ ተሰካ። ምንም የለም። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አይቀበለውም» ትባላላችሁ።

ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። «አይቀበለውም» የምንለው ነገር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንደኛው የመሰኪያው ቅርጽና የገመዱ ነው፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክና የፍጥነት ስምምነት ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የፋይል አቀማመጥ ቋንቋ ነው። የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ርካሽ ነው። ካላወቃችሁ ግን አንድ ቁልፍ በመጫን ያላችሁን ሁሉ ልታጠፉ ትችላላችሁ፤ እሱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ለመሆኑ አሮጌውን ኮምፒውተር ትተን አዲስ ብንጠቀምስ? አዲስ አልበም ከሆነ የምትፈልጉት፣ ልክ ናችሁ። ነገር ግን በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለ። ከካሴት በገመድ ተገልብጦ የገባ ድምፅ፣ ሠርግ ላይ የተቀዳ የአዝማሪ ጨዋታ፣ የአያት ፉከራ። ሀርድ ዲስኩ አንድ ቀን ይቆማል፤ ያኔ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በፊት መውጫው ያ አሮጌ መሰኪያ ነው። (ለገበያ የወጣ አልበም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እያባዙ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። እኔ የማወራው ስለራሳችሁ ቅጂዎች ነው።)

ችግሩ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው አይፖድ ዩኤስቢ አልነበረውም። ዩኤስቢ በዚያን ጊዜ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው፣ አፕል የመረጠው ፋየርዋየር ግን 400 ሜጋ ቢት። ከዚያ ዩኤስቢ 2.0 በ480 ሜጋ ቢት ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጡት አይፖዶች ደግሞ በፋየርዋየር ዘፈን መቀበል አቆሙ። አሮጌ ማኪንቶሽ ያለው ሰው አዲሱን አይፖድ ሲገዛ ፈጣኑ መሰኪያው ሥራ ፈትቶ ቀርፋፋው ዩኤስቢ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አዲስ ገዝቶ ወደ ኋላ መሄድ ማለት ይህ ነው።

ስለ አይፖድ ካነሳን ለደጋ ሰው የምትሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድሮዎቹ ትላልቅ አይፖዶች ውስጥ ትንሽ ሀርድ ዲስክ አለች። የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ዲስኩን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ስለዚህ አፕል የእነዚህን አይፖዶች የመሥሪያ ከፍታ ጣሪያ 3,000 ሜትር ብሎ ወስኗል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ገብታችሁ ሳንቃበር ስትደርሱ ጣሪያውን አልፋችኋል። የዛሬዎቹ ማጫወቻዎች የሚንቀሳቀስ ዲስክ ስለሌላቸው ይህ አያሳስባቸውም። የኮምፒውተሩ ሀርድ ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ ያው 3,000 ሜትር አካባቢ ገደብ አለው።

ወደ ገመዱ እንመለስ። የተለመደ የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ብትልጡ አራት ሽቦ ታገኛላችሁ። ቀዩ 5 ቮልት ይዞ ይመጣል፣ ጥቁሩ መመለሻው ነው፣ አረንጓዴውና ነጩ መረጃ ያመላልሳሉ። ከትናንሽ መብራቶችና ስፒከሮች ጋር የሚሸጡ ብዙ ርካሽ ኬብሎች ቀዩና ጥቁሩ ብቻ ነው ያላቸው። ማጫወቻው ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። «አይቀበለውም» ሲባል በእኔ ግምት መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በዚያው ኬብል ስልካችሁን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይሎቹ መታየት አለመታየታቸውን እዩ።

ታይፕ ሲ ሲመጣ ደግሞ አንድ አዲስ ጣጣ ጨመረ። ድሮ ጠፍጣፋው ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ትንሹ ጫፍ ወደ ዕቃው ስለነበር ማን ኃይል ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ቅርጹ ራሱ ይናገር ነበር። ታይፕ ሲ ግን በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ማን ይስጥ፣ ማን ይቀበል? መልሱ በሬዚስተር ነው የሚሰጠው። ተቀባዩ ዕቃ ውስጥ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይቀመጣል፤ «እኔ ተቀባይ ነኝ» ማለት ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ስለዚህ ወግ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ እሱን ወክሎ የሚናገረው ኬብሉ ነው። ከጠፍጣፋ ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ጥሩ ኬብል ጫፉ ውስጥ 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለው። «ወዲያ ማዶ ያለው ተራ መሰኪያ ነው፣ ብዙ አትጠይቀው» የሚል መልእክት ነው።

ግድ የለሽ አምራች በ56 ፈንታ 10 ኪሎ ኦም ካስገባ ኬብሉ ይዋሻል፤ «3 አምፒር መውሰድ ትችላለህ» ይላል። አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰጠው ግማሽ አምፒር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የጉግል ኢንጂነር ኬብሎች እየገዛ ሲፈትን፣ ሽቦው ተሳስቶ የተገጠመ አንድ ኬብል ላፕቶፑን ጭራሽ አበላሽቶበታል። ስለዚህ ለኬብል ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።

የሚገርመው፣ እዚህ ላይ አሮጌው ኮምፒውተር የሚያሸንፍበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻዎች ታይፕ ሲ ቀዳዳ ይኖራቸውና 5.1 ኪሎ ኦሟ ሬዚስተር ትረሳለች። እነዚህ በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ዘመናዊ ቻርጀር ላይ ሲሰኩ ምንም አይቀበሉም፤ ቻርጀሩ ተቀባይ መኖሩን አያውቅማ። አሮጌው ጠፍጣፋ መሰኪያ ግን ሳይጠየቅ ሁልጊዜ 5 ቮልት ስለሚሰጥ እዚያ ላይ በሰላም ይሠራሉ።

ገመዱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ሰላምታ ይመጣል። ማጫወቻው በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አንዱን የመረጃ ሽቦ ወደ 3.3 ቮልት ያነሳል፤ እጅ እንደማውጣት ቁጠሩት። ኮምፒውተሩ ያንን አይቶ «ማን ነህ? ምን ዓይነት ዕቃ ነህ? ስንት ሚሊ አምፒር ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። እስከዚያ ድረስ ማጫወቻው ከ100 ሚሊ አምፒር በላይ እንዲወስድ አይፈቀድለትም፤ ከተፈቀደለት በኋላ እስከ 500። ባትሪው ሙልጭ ብሎ ያለቀ ማጫወቻ በዚህ ሰዓት ሊበራና ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ በቻርጀር ትንሽ ሙሉት፣ ከዚያም ከፊት ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው መሰኪያ ሞክሩ። የጀርባዎቹ በቀጥታ ዋናው ቦርድ ላይ ናቸው።

ፍጥነትም እዚሁ ሰላምታ ላይ ይወሰናል። የዩኤስቢ 2.0 ማጫወቻ መጀመሪያ ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ ድሮው የ12 ሜጋ ቢት ዕቃ ነው። ቀጥሎ አጭር ምልክት ይልካል፦ «480 ትችላለህ ወይ?» ኮምፒውተሩ ከመለሰ ሁለቱም ይፈጥናሉ፤ ዝም ካለ በድሮው ይቀጥላሉ። አዲሱ ነው ለአሮጌው ዝቅ የሚለው። በእኔ ዓይን ይህ ከዩኤስቢ ዲዛይን ሁሉ የተሻለው ውሳኔ ነው።

በቁጥር እንየው። በ128 ኪሎ ቢት የተቀዳ የአራት ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋ ባይት አይሞላም፤ 8 ጊጋ ባይት ማለት ወደ 2,000 ዘፈን ነው። አሮጌው ዩኤስቢ 1.1 በተግባር በሰከንድ አንድ ሜጋ ባይት አካባቢ ነው የሚያደርሰው፤ ስለዚህ 8 ጊጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 20 ሜጋ ባይት ቢያደርስ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ዊንዶውስ ኤክስፒ «ይህ ዕቃ ከዚህ በላይ መፍጠን ይችላል» የሚል ማስታወቂያ ከታች ብቅ ካደረገ፣ የያዛችሁት ቀርፋፋው መሰኪያ ነው ማለት ነው። ሌሎቹን ቀዳዳዎች ሞክሩ። የመጀመሪያው ኤክስፒ ዩኤስቢ 2.0ን አያውቅም ነበር፤ በ2002 ከወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 በኋላ ነው የለመደው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አደገኛው። ማጫወቻው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ተራ ፍላሽ መታየት ነው። ሌላው ኤምቲፒ የሚባለው ነው፤ ኤክስፒ ለእሱ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር 10 ወይም 11 ይፈልጋል። ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢ ምርጫ ካለው እንደ ፍላሽ የሚያስመስለውን ምረጡ፤ አብዛኛው ጣጣ ያልቃል።

ቀጥሎ የካርዱ ነገር አለ። እስከ 32 ጊጋ ያሉ ካርዶች ፋት 32 በሚባል ሥርዓት ተደራጅተው ነው የሚመጡት፤ ኤክስፒ ያነበዋል። ከዚያ በላይ የሆኑት፣ 64ም 128ም፣ ኤክስ ፋት ናቸው። ኤክስፒ ይህንን የተማረው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ተጨማሪ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው የሌለው ኮምፒውተር ካርዱን ሲያይ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ከዚያም «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ አሁን ፎርማት ይደረግ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃችኋል።

አይደረግም! «ኖ» በሉና ንቀሉት። ካርዱ አልተበላሸም፤ ኮምፒውተሩ ማንበብ ስላልቻለ ነው። «የስ» ብትሉ በውስጡ ያለው ቅጂ በሙሉ ከእጃችሁ ይወጣል። ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን 16 ወይም 32 ጊጋ ካርድ ለብቻው መያዝ በጣም ይሻላል። የካርድ ማንበቢያው ራሱ በጣም አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከ2 ጊጋ በላይ ላያነብ ይችላል፤ ያኔ ካርዱን ማጫወቻው ውስጥ አስገብታችሁ በኬብል አገናኙት።

ሾርትከት ቫይረስንም ታውቁታላችሁ፤ ፎልደሮቻችሁን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው። ዘፈኖቹ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ ስትከፍቱ ብቅ ይላሉ፤ አቋራጮቹን ግን እንዳትከፍቷቸው። እዚህም ላይ ፎርማት የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ሁሉም ነገር ተስማምቶ መገልበጥ ከጀመረ የሚቀረው ስጋት መብራት ነው። ፋት 32 ምን ላይ እንደደረሰ የሚመዘግብበት ደብተር የለውም፤ ኮምፒውተሩ በመሃል ድንገት ቢጠፋ የፋይሎቹ ዝርዝር ሊመሰቃቀል ይችላል። በሰባት ደቂቃ ሥራ ላይ መብራት የመጥፋት ዕድሉ ትንሽ ነው፣ በሁለት ሰዓት ሥራ ላይ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ቀርፋፋ መሰኪያ ላይ ከሆናችሁ 2,000 ዘፈን በአንዴ አትጎትቱ። በፎልደር ከፋፍላችሁ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙትን ቅጂዎች አስቀድማችሁ፣ ሃምሳ ሃምሳ አድርጋችሁ ገልብጡ። አንዱ ባች ሲያልቅ «በሰላም አስወግድ» በሚለው ምልክት ንቀሉና ማጫወቻው ላይ ከፍታችሁ አንድ ሁለቱን አዳምጡ። ከዚያ ቀጣዩን ሃምሳ።